እጭ ፍለጋ ወጥቼ

ይህን የምጽፈው ወሬው ከእኔ ቀድሞ ውጫሌ ገበያ ስለ ደረሰ ነው። ተጣምሞ ከምትሰሙት ከባለቤቱ አንደበት ይሻላል።

ዝናቡ ጋብ ካለ ወዲህ ሐይቅ ከተማን ትንኝ ወርሯታል። ስለ ወባ ትንኝ ደግሞ ብዙ አንብቤአለሁ። እንቁላሏን በቆመ ውሃ ላይ ትጥላለች፤ እንቁላሉ እጭ ይሆናል፤ እጩ በቀናት ውስጥ ክንፍ ያወጣል። ስለዚህ ዛሬ ጧት የሰፈራችንን የተጠራቀመ ውሃ ላስደፋ ቤት ለቤት ወጣሁ።

ሦስት አሮጌ ጎማና አንድ ስባሪ ባልዲ አስደፋሁ። ጀግና ነበርኩ!

ከዚያ የአባ እንድሪስን በር አንኳኳሁ።

አባ እንድሪስ ጆሯቸው ከበድ ይላል። ልጃቸው ሰዓዳ አምና ከዐረብ አገር ተመልሳለች። ለእሷ የምናገረውን ንግግር ሰባት ወር ሙሉ ሳረቅቅ ቆይቼ መግቢያውን ጨርሻለሁ። (አትሳቁ!)

«አሰላሙ ዐለይኩም አባ። እጭ ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ለጤና ያላቸው ግንዛቤ አስደነቀኝ።

«የውሃ በርሜላችሁ ጋ ሳትኖር አትቀርም» አልኩ።

«ኧረ እዚያው ናት!»

«ክንፍ አውጥታ ሳትበር ዛሬውኑ መላ ያስፈልጋታል።»

«እኔስ ይኸንኑ አይደል የምል! ተመልሳ ጂዳ ልትበር ነው እኮ!»

ጂዳ?

የትኛዋ ትንኝ ናት ጂዳ የምትበረው?

ዘወር ስል ሰዓዳ በርሜሉ አጠገብ ልብስ ታጥባለች። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛዋለች።

«አባ፣ እጮኛ አይደለም ያለ! እጭ ነው! የትንኝ ትል!»

አባ እንድሪስ አፈጠጡብኝ። «እና ልጄን አልፈለግህም?»

እስቲ ፍረዱ! ሰባት ወር የፈራሁት በር በራሱ ወለል አለ። የሚጠበቅብኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«አባ፣ የመጣሁበት ርእሰ ጉዳይ የቆመ ውሃ ነው» አልኩ።

የሰዓዳ ሳቅ ቆመ። የጎደለውን በርሜል በሁለት እጇ ገለበጠችው፤ ውሃው ከነእጮቹ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

«ይኸው ደፋሁልህ። ሌላ የምትፈልገው አለ?»

ሁለተኛ ዕድል! ከዚህ በላይ ምን ይደረግልኝ?

«ሲሞላ ክዳኑን መግጠም አይርሱ።»

አንቱ አልኳት!

«ኢንሻአላህ» አለች። የገጠመችው ግን በሩን ነው።

ከውስጥ የአባ እንድሪስ ድምፅ ሰፈሩን አዳረሰው፦ «ወላሂ፣ ከልጄ ትንኝ መረጠ!»

ይህን ከጻፍኩ ወዲህ ኮሜንት ላይ የሙሽራ ቬሎ የለበሰች ትንኝ የለጠፋችሁ ወዳጆቼ፣ አይቻታለሁ።

የጠፋው፦ ውሃ፣ ግማሽ በርሜል። እጭ፣ የነበረው በሙሉ። እጮኛ፣ አንድ።