ሰርግ ያስቆመ ተረት

ተረት ልጅ ማስተኛ ነው የሚል ሰው ከገጠማችሁ እሺ ብላችሁ እለፉት፤ ክርክር አያስፈልግም። ትልቅ ሰው እንቅልፍ የሚያሳጣ ተረት አልገጠመውም ማለት ነው። እኔ ግን አይቻለሁ።

በሃምሳዎቹ ዓመታት አንድ ጋዜጣ ላይ አብሮኝ የሚሠራ ታደለ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። ሌላው ጋዜጠኛ የሹም ሽር ወሬ ሲያሳድድ፣ እሱ ይህ ገደል ስሙን ከየት አገኘ፣ ያን ምንጭ ማን ባረከው እያለ ከእነዋሪ እስከ አንኮበር ሽማግሌ ሲያስለፈልፍ ይከርማል። ጫማ አይበረክትለትም።

ታዲያ አንድ ጊዜ ጎረቤላ ላይ ባሻ ይርዳው የሚባሉ አዛውንት የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ አጫወቱት። በአንድ ምንጭ ተጣልተው፣ አንደኛው እዚያው ጎረቤላ ቀረ፤ ሁለተኛው ጫጫ ተሻግሮ ዘሩን አበዛ። ታደለ ስማቸውን ሳያስቀር ጋዜጣ ላይ አወጣው።

ጫጫ ላይ ደግሞ አቶ ወንድይራድ የሚባሉ ሰው ልጃቸውን ጥሩነሽን ለጎረቤላ ጎረምሳ ሊድሩ ጠላ ጠንስሰዋል። ጋዜጣው ሲነበብላቸው የሁለተኛው ወንድም ስም የገዛ ምንጅላታቸው ስም ሆኖ ቁጭ! የአንደኛው ደግሞ የሙሽራው ምንጅላት። ቤት ቢቆጥሩ ሰባት አልሞላም። ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሰርጉ ቆመ። ጥሩነሽም እህል አልቀምስም ብላ ተኛች።

አቶ ወንድይራድ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ታደለ ፊት ቆሙ።

«ያንን ወንድም ከየት አመጣህብኝ? ልጄ ልትሞትብኝ ነው!»

ታደለ ፊቱ አመድ መሰለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብለን ሦስታችንም ወደ ጎረቤላ ገሰገስን። ባሻ ይርዳው ሳያቋርጡ ሰሙና ወደ ታደለ ዞሩ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። መኪና ሊያመልጠኝ ነው ብለህ ከመካከሉ ተነሥተህ ሄድክ እኮ! ወንድም ያደረጋቸው መሐላ ነው እንጂ እናት አይደለችም። ከየአገራቸው መጥተው የተገናኙ ባልንጀሮች ነበሩ።»

አቶ ወንድይራድ መሬት ስመው ተነሡ።

ሰርጉ ሲደገስ እኛም ተጠራን። ጥሩነሽ በሳቅ ስትፈነድቅ አየኋት። ታደለን ግን ጥያቄ ሲበላው ዋለ። በመጨረሻ ወደ ባሻ ጠጋ ብሎ፣

«ለመሆኑ እርስዎ ከአባትዎ ሲሰሙት እውነት እንዲያ ነበር?» አላቸው።

ባሻ ሙሽሮቹን አዩ። ብርሌያቸውን አዩ።

«እኔ አባቴን እንዲህ ብዬ አልጠየቅኩትም» አሉና ጠጅ ተጎነጩ።

ታደለ አዲስ አበባ ተመልሶ የቀረውን ጻፈው። «እርማት» አላለውም። «ካለፈው የቀጠለ» አለው።