ያልወለቀው ጓንት

ምንትዋብ ትናንት ከምሳ በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሕልም አየች። የቀን ሕልም ምን ዋጋ አለው የምትሉ ካላችሁ፣ እሷም ሁሌ የምትለው እሱኑ ነበር። የኬሚስትሪ ዶክትሬት ተማሪ ናት እንጂ ሕልም ፈቺ አይደለችም።

መጀመሪያ ግን ምን ሆና እንዳንቀላፋች ልንገራችሁ። ምንትዋብ ስኳር ትሠራለች። የሻዩን ስኳር አይደለም፤ ስድስት ስኳሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሆኑትን ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሲያልቅ በዓይን የማትታይ የምታበራ ክሪስታል ላይ ይለጠፋል፤ ክሪስታሏም የታመመ ሴል ጋ ስትደርስ በብርሃኗ ትጠቁማለች። ችግሩ፣ አንድ ስኳር ብዙ እጅ አለው። ዝም ካሉት ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል። ስለዚህ ለጊዜው የማይፈለገውን እጅ በኬሚካል ይሸፍኑታል፤ እነምንትዋብ ይህንን "ጓንት ማልበስ" ይሉታል። ሥራው ሊያልቅ ሲል ጓንቱ ሁሉ መውለቅ አለበት። አምስቱን ስኳር በኬሚካል አያይዛ ጨርሳለች። ስድስተኛውን የምታያይዘው ኢንዛይም ናት፤ እሷ ደግሞ ጓንት ያጠለቀ እጅ አትነካም።

ሁለት ወር ሙሉ ስድስተኛው እምቢ አለ። ምንትዋብ በገነች። በግናም አልቀረች፣ የምታሳብብበት ሰው አገኘች። አቶ ድንበሩ ላብራቶሪው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፍሪጅ የጠበቁ ሰው ናቸው። መብራት ሲጠፋ ኢንዛይሞቹን በረዶ በታጨቀበት ምሳ ዕቃ ከተው፣ በታክሲ፣ ጄኔሬተር ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ይወስዷቸዋል። ምንትዋብ አንድ ቀን አየቻቸው። "ኢንዛይሙን በምሳ ዕቃ ይዘው ታክሲ ሲጋፉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያበላሹት እሳቸው ናቸው" ብላ ለክፍሉ ኃላፊ ጻፈች። ይሄ ባለፈው ሐሙስ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ትናንት ግን ግራ እጇ ላይ የላብራቶሪ ጓንቷን እንዳጠለቀች ጠረጴዛው ላይ ደፋ አለች።

ወዲያው ላብራቶሪው ተገለበጠ። ነጭ ጋዋን የለበሱት ስኳሮቹ ነበሩ። ሰዎቹ ጠርሙስ ውስጥ ሆነው እየተነቀነቁ ነው። አንድ ወፍራም ግሉኮስ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ምንትዋብ ቀረበ።

"ስንት እጅ አለሽ?"

"ሁለት።"

"ሁለት ብቻ? ወይ ጉድ! ታዲያ እንዴት ነው የምትበሉት?" አለና ወደ ጓደኛው ዞረ። "ይቺ ቀላል ናት፤ ግራውን ሸፍነው።"

"ኧረ ለምን?"

"ያገኘሽውን ሁሉ እንዳትጨብጪ ነዋ!"

ጓንቱን አጠለቁላት። ቀና ስትል አስተዳደር ቢሮ ቆማለች። ትልቁ ወንበር ላይ ሰው የለም፤ አንዲት ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ብልጭ ትላለች።

"ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ፕሬዚዳንቱን ታበሪያቸዋለሽ!" ብላ ጸሐፊዋ ተቆጣች። "ሁለት ናኖሜትር ናቸው እኮ።"

እዚያ አገር ሹመት በማነስ ነው። ትንንሾቹ ክሪስታሎች ሰማያዊ እያበሩ ያዛሉ፣ መካከለኞቹ አረንጓዴ እያበሩ ማኅተም ይመታሉ፣ ትልልቆቹ ቀይ እያበሩ በር ይጠብቃሉ። የምንትዋብ ክፍል ኃላፊ ዶክተር በድሉ፣ ያ በር የሚሞላ ሰውዬ፣ ዘበኛ ቤት ውስጥ ፍም መስለው ተቀምጠዋል።

"ዶክተር! ምን ሆኑ?"

"ክሪስታል የሚያድግበት ትኩስ ዘይት ውስጥ ብዙ ቆየሁና ገዘፍኩ" አሉ። "ትንሽ ቀደም ብለው ቢያወጡኝ ኖሮ አረንጓዴ እሆን ነበር። በይ ግቢ፣ ደብዳቤሽ ደርሷል። እዚህ የሚመረመረው ከሳሹ ነው።"

ፍሪጁ ኮሪደሩን እያንኳኳ መጣ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ደረቷን እንደ በር ከፈተና ወደ ውስጥ አየ።

"የሙቀት መዝገብሽን አምጪ።"

"የለኝም።"

"ዕድሜሽ ስንት ነው?"

"ሠላሳ አንድ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተመዘገብሽም? እኔን እኮ አቶ ድንበሩ በቀን አራት ጊዜ ይመዘግቡኛል። ፋሲካም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን።" እጁን ሰደደና መልሶ አወጣው። "በረዶ ሠርተሻል" አላት። ምንትዋብ አፈረች። የምትገባበት ጠፋት።

ፍሪጁ ከሆዱ ምሳ ዕቃ አወጣ። ክዳኑ ሲከፈት አንዲት ደልደል ያሉ ሴትዮ ከቀሚሳቸው ላይ በረዶውን እያራገፉ ወጡ። ኢንዛይሟ ናቸው።

"እትዬ ኢንዛይም! ተበላሽተዋል ብዬ እኮ..."

"ማን? እኔ? ምን ሆኜ!" አሉ ወገባቸውን ይዘው። "ድንበሩ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው የወሰደኝ። ወያላው 'ዕቃውን መሬት አስቀምጡት' ቢለው ሊማታ ነበር። በይ አሁን ሥራ አለብኝ፣ ነይ።"

ግቢው ውስጥ አምስት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። መጨረሻ ላይ ያሉት አቶ ድንበሩ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ስድስተኛውን ይጠብቃሉ።

"ግራ እጅሽን ስጪኝ" አሉ እትዬ ኢንዛይም። ሰጠቻቸው። ዳሰስ አደረጉና ለቀቁት። "ይሄ እጅ አይደለም።"

"እጄ ነው እትዬ!"

"ጓንት ነው። እኔ ጓንት አላያይዝም።"

ምንትዋብ ጎተተችው። በጥርሷ ሳበችው። ፍሪጁም ገብቶ አብሯት ጎተተ፤ ጓንቱ ንቅንቅ አላለም።

"ማን አለበሰሽ?" አሉ እትዬ ኢንዛይም።

ስኳሮቹ ናቸው ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ሌላ ነው። "እኔው ነኝ። መጋቢት ላይ።"

"ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ እኔን ስትሰድቢ፣ አንድ ቀን እጅሽን አታዪም?"

አቶ ድንበሩ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። ክንዳቸው ዝሎ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ምንትዋብ ጮኸች።

"ምንቴ! ምንቴ! ተነሺ ልጄ።"

አቶ ድንበሩ አጠገቧ ቆመዋል። እጃቸው ላይ የፍሪጁ ቁልፍ አለ፤ የሙቀት መዝገቡን በብብታቸው ይዘዋል። ያቺን የኢንዛይም ምሳ ዕቃም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋታል።

"ቁልፉን ላንቺ አስረክብ ተባልኩ" አሉ። "የስንብት ደብዳቤው ጠዋት ደረሰኝ። ከሰዓት ደግሞ መብራት ይጠፋል ብለዋል። ክሊኒኩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ በረዶውን ሞልቼልሻለሁ። ታክሲ ውስጥ መሬት እንዳታስቀምጪያት አደራ።"

ምንትዋብ ደብተሯን ጎትታ መጋቢትን መፈለግ ጀመረች። አምስቱን ስኳር አያይዛ የጨረሰችበት ገጽ ግርጌ ላይ፣ በራሷ ጽሑፍ፣ "አንድ ጓንት ቀርቷል፤ ነገ ይወልቃል" ይላል። ገለጠችው። የሚቀጥለው ገጽ ኢንዛይሟን በጨመረችበት ቀን ይጀምራል። ስለ ጓንቱ አንድም ቃል የለም። ደግማ ገለጠችው፤ የለም።

"ጋሼ ድንበሩ" አለች። "ኢንዛይሟ ምንም አልሆነችም። ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ ምንም አላጠፉም።"

"እሱንማ እኔ መቼ አጣሁት" አሉ፣ ቁልፉን እንደዘረጉ። "ደብዳቤውን ለፈረሙት ንገሪያቸው።"