ሦስት ሜትር ከስልሳ

(ድንበር ላይ ያለች የወንዝ መለኪያ ጣቢያ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ፋክስ፣ አንድ ስልክ። ከመስኮቱ ውጭ ከጎረቤት አገር የሚመጣው ወንዝ ደፍርሶ ይጮሃል፤ መሀሉ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ተተክሏል። ኃላፊው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህች ክፍል ሆኖ አገር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ እሱ እንደዚያ ነው የሚያምነው። ውሃ ለኪው የእህቱ ባል ነው። ኃላፊው ያስቀጠረው ለእህቱ ሲል እንጂ ለጭንቅላቱ ብሎ እንዳልሆነ ሳይነግረው የሚያልፍ ሳምንት የለም። አሁን ኃላፊው አንድ ወረቀት እያወዛወዘ የውሃ ለኪው አፍንጫ ሥር ቆሟል።)

ኃላፊው፦ ሚስጥር ነው አልኩህ!

ውሃ ለኪው፦ ወንዙ?

ኃላፊው፦ ወንዙ አይደለም፣ የወንዙ ከፍታ!

ውሃ ለኪው፦ ከፍታውማ ዘንጉ ላይ ይታያል ጋሼ። መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ትናንት እንኳ አንዲት ፍየል ቆማ ስታየው ነበር።

ኃላፊው፦ ፍየሏ የማን ናት?

ውሃ ለኪው፦ የጎረቤት።

ኃላፊው፦ (ክው ብሎ) የጎረቤት አገር?

ውሃ ለኪው፦ ኧረ የጎረቤታችን፣ የአናጺው።

ኃላፊው፦ ተመስገን። (በእፎይታ ይቀመጣል) በል ይሄን ስማ፤ ሌሊቱን ከማዶ የገባ ነው። (ያነባል) «በእኛ በኩል ከባድ ዝናብ ጥሏል፤ ግድባችን ሊሞላ ነው። እናንተ ጋ ውሃው ስንት እንደደረሰ አሳውቁን። ከሦስት ሜትር በታች ከሆነ በስድስት ሰዓት በሩን እንከፍታለን። ከዚያ በላይ ከሆነ ዘግተን እናቆየዋለን።» ተንኮላቸው ገባህ?

ውሃ ለኪው፦ አልገባኝም። ደግ ሰዎች ይመስላሉ።

ኃላፊው፦ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው! ላንተ መናገር ግን ውሃ መውቀጥ ነው።

ውሃ ለኪው፦ እኔ እለካዋለሁ እንጂ አልወቅጠውም ጋሼ።

ኃላፊው፦ ሰው የገዛ ወንዙን ከፍታ ሌላ ሰው ይጠይቃል?

ውሃ ለኪው፦ እነሱ የላይኛውን ነው የሚያውቁት። የታችኛው ያለው እኛ ጋ ነዋ።

ኃላፊው፦ ላይኛው የሚባል ነገር የለም! (ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ በማስመሪያ ይመታል) ተመልከት። ይሄ እኛ ነን። ይሄ ድንበሩ ነው። ከድንበሩ ወዲያ ምን ይታይሃል?

ውሃ ለኪው፦ ነጭ ወረቀት።

ኃላፊው፦ ባዶ! መረጃ የለም፤ መረጃ ከሌለ አገርም የለም። ወንዙ የሚመነጨው እዚህ መስመር ላይ ነው።

ውሃ ለኪው፦ ባለቤቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት ከማዶ ነው የምትገዛው።

ኃላፊው፦ ከየትኛው ማዶ?

ውሃ ለኪው፦ (ነጩን ወረቀት በጣቱ እየነካ) እዚህ አካባቢ መሰለኝ።

ኃላፊው፦ የኔ እህት ከባዶ ላይ ሽንኩርት ትገዛለች? ዝም በል! ዛሬ ውሃው ስንት ነው?

ውሃ ለኪው፦ ሦስት ሜትር ከስልሳ። እንዲያውም ጠዋት እኔ...

ኃላፊው፦ ቀስ በል! ግድግዳ ጆሮ አለው።

ውሃ ለኪው፦ (በሹክሹክታ) ሦስት ከስልሳ።

ኃላፊው፦ ጎበዝ። እኔ እውነተኛውን ቁጥር ሰጥቻቸው አላውቅም፤ ሁሌም ከላዩ እቀንሳለሁ። (ይጽፋል) ሁለት ሜትር ከዘጠና አራት። በል ፋክስ አድርግ።

(ውሃ ለኪው ወረቀቱን ያስገባል። ፋክሱ እያቃሰተ ይውጠዋል።)

ውሃ ለኪው፦ ጋሼ፣ ሁለት ከዘጠና አራትማ ከሦስት በታች ነው።

ኃላፊው፦ ቁጥር ልታስተምረኝ ነው?

ውሃ ለኪው፦ ከሦስት በታች ከሆነ በሩን እንከፍታለን ብለዋል።

ኃላፊው፦ ይክፈቱታ! ያጠራቀሙትን ውሃ በነጻ ሊያስረክቡን ነው። አየህ እንዴት እንደሸወድኳቸው?

ውሃ ለኪው፦ በሞላ ወንዝ ላይ ሌላ ወንዝ ሲጨመርበት የት ይሄዳል?

ኃላፊው፦ ወደ ታች ነዋ! ታች ያለ ሰው ይዋኝ።

ውሃ ለኪው፦ ታች ያለነውማ እኛ ነን። የቤታችንን የጓሮ በር ከፍቶ የወጣ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው። ባለፈው ክረምት ድስታችን እንደወጣ ቀረ።

ኃላፊው፦ (ፊቱ ትንሽ ይለወጣል) እሺ፣ እህቴ ጋ ደውልና ዕቃዋን ይዛ ወደ ላይ ትውጣ።

ውሃ ለኪው፦ እሷ ገበያ ናት። ቤት ያሉት እማማ ብቻ ናቸው።

ኃላፊው፦ የትኛዋ እማማ?

ውሃ ለኪው፦ የእርስዎ ናቸዋ። ትናንት መጥተው እኛ ጋ ነው ያደሩት። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ዛሬ ከአልጋም አልወረዱ።

(ማስመሪያው ከኃላፊው እጅ ይወድቃል። ለሠላሳ ዓመት ጠላት ሲጠብቅ፣ ጎርፉ በእናቱ አልጋ በኩል ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።)

ኃላፊው፦ እናቴን! ስንት ሰዓት ነው?

ውሃ ለኪው፦ ለስድስት ሩብ ጉዳይ።

ኃላፊው፦ ፋክሱን መልሰው! (ማሽኑን አቅፎ ይነቀንቃል፤ ሽቦውን ይነቅላል)

ውሃ ለኪው፦ የሄደ ፋክስ በሽቦ አይመለስም። ግን አይጨነቁ ጋሼ፣ እኔ ጠዋት...

ኃላፊው፦ አንተ ሰው፣ ዝም በል! የማዶዎቹን ቁጥር ማን ያውቃል?

ውሃ ለኪው፦ እኔ። (በቃሉ ይደውልለታል)

(ኃላፊው መነጋገሪያውን በሁለት እጁ ይይዛል። ወደ ማዶ ሲያወራ ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ በካርታው ከሆነ የሚያነሳ ሰውም መኖር የለበትም። ስልኩ ጩኸታም ስለሆነ የማዶው ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል።)

የማዶው ድምፅ፦ ሃሎ!

ኃላፊው፦ አላችሁ እንዴ?

የማዶው ድምፅ፦ አለን፣ ምስጋና ይግባው። ማን ልበል?

ኃላፊው፦ የጣቢያው ኃላፊ ነኝ! ፋክሱ ውሸት ነው! ሦስት ሜትር ከስልሳ ነው! በሩን እንዳትከፍቱ፣ በናታችሁ፣ እናቴ ታች ናት!

የማዶው ድምፅ፦ ኃላፊውማ ገና ሲነጋ ደውሎ ሦስት ከስልሳ ብሎናል። በሩም እንደተዘጋ ነው።

ኃላፊው፦ የምን ኃላፊ?

የማዶው ድምፅ፦ ያ ረጋ ያለው ሰውዬ ነዋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጠዋት እንኳ ቀርቶ አያውቅም። እኛም የዝናቡን እንነግረዋለን።

(ኃላፊው ቀስ ብሎ ይዞራል። ውሃ ለኪው ጫማውን ያያል።)

ውሃ ለኪው፦ ኃላፊ ነኝ አላልኳቸውም፣ እነሱ ናቸው የሾሙኝ። ልነግርዎም ስል ዝም በል ይሉኛል።

ኃላፊው፦ (ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል፤ እናቱ መትረፏን ገና አሁን ነው ሰውነቱ የሰማው) ታዲያ... የኔን ፋክስ ምን ስታደርጉት ነበር?

የማዶው ድምፅ፦ አሃ፣ ባለፋክሱ እርስዎ ነዎት? ይጠብቁኝማ! ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታለች፤ የሒሳብ መምህርት ናት። ለሰባተኛ ክፍል ጥያቄ የምታወጣው ከርስዎ ፋክስ ነው።

የሴት ድምፅ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ! በእርስዎ ምክንያት ስንት ልጅ መቀነስ እንደለመደ ቢያውቁ። አንድ ነገር ብቻ አልፈታ ብሎን ነው። ከእውነተኛው ላይ ዘንድሮ የሚቀንሱት ስልሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። አምና ስልሳ አምስት ነበር፤ ካቻምና ስልሳ አራት። ምን ቢሆን ነው በየዓመቱ አንድ የሚጨምረው?

ኃላፊው፦ (ላቡን እየጠረገ) የአገር ሚስጥር ነው።

ውሃ ለኪው፦ (በጣቱ እየቆጠረ) በየዓመቱ አንድ... በየዓመቱ አንድ... (ፊቱ ይበራል) ዕድሜ ነዋ!

የሴት ድምፅ፦ እሰይ! ዕድሜ ነው!

ውሃ ለኪው፦ ግን ጋሼ፣ ፋይልዎ ላይ ሃምሳ ስምንት ነው እኮ የሚለው። የኛ ጡረታ ደግሞ በስልሳ ነው...

ኃላፊው፦ ዝጋው! ስልኩን ዝጋው!

የሴት ድምፅ፦ የማነው ጎበዝ፣ ተባረክ! መልሱን ዛሬውኑ ለዋናው መሥሪያ ቤታችሁ እንልከዋለን። መረጃ ሲለዋወጡበት ነው የሚያምረው።