ሰዓዳን ያሸነፍኩ ዕለት

መሸነፍ ብዙም አያስደነግጥም። ሰው ከልጅነቱ ይለማመደዋል፤ በሩጫው፣ በፈተናው፣ ካገባም በኋላ በየክርክሩ ሲረታ ይኖርና ቆዳው ይደድራል። ክው የሚያደርገው ሳያስቡት ማሸነፍ ነው። አታምኑኝም? እንግዲያው የኔን ስሙ።

መካነ ሰላም ውስጥ በመንግሥት ሠራተኞች የቼዝ ውድድር የመሥሪያ ቤታችን ልጅ ለፍጻሜ ደርሶ በዋዜማው ታመመ። "ጋሽ ደምሌ ይግቡልን" ተባለ። እኔ ስለ ቼዝ የማውቀው ፈረስ እየዘለለ እንደሚሄድ ብቻ ነው። ተጋጣሚዬ ደግሞ የሂሳብ መምህሯ ሰዓዳ፣ በወረዳው ማንም አሸንፏት የማያውቅ! አሸናፊው ደሴ ሄዶ ወረዳውን ይወክላል፤ እሷማ ሻንጣዋን ሸክፋ ጨርሳለች ሲባል ሰምቻለሁ።

"አብሽሩ ጋሼ፣ ቶሎ እንጨርሳለን" አለችኝ። እውነትም ወታደሮቼን እንደ ደረሰ ገብስ አጨደቻቸው። ፈረሴን ልትበላብኝ ስትል ፈርቼ ያገኘሁት ባዶ ቦታ ላይ አሸሸሁት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሰዓዳ ሰሌዳው ላይ አፈጠጠች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ብዙ ቆይታ ንጉሧን በጣቷ አስተኛችና እጇን ዘረጋችልኝ።

አሟት ልትሰናበተኝ መሰለኝ። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ ነው እጅ መስጠቷ እንደሆነ የገባኝ።

"ከመቼ ጀምሮ አስበውት ነው ጋሼ? በየትም ብሄድ ማት ነበርኩ፣ ንጉሤ ማምለጫ አልነበረውም" አለች።

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"የኔ ልጅ፣ እኔ ምንም አላየሁም። ቀጥዬ ፈረሴን ወደ ሌላ ጥግ ላሸሸው ነበር።"

ዳኛው አቶ ይማም ይህን ሰምተው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ማሻአላህ! ትሕትና አያችሁ?"

"ወላሂ እውነቴን ነው!" ብል ጭብጨባው ጭራሽ ባሰበት።

ያላጨበጨበችው ሰዓዳ ብቻ ናት። አፏን ከፍታ አየችኝ።

"ታዲያ... ያየሁትም እኔ፣ የተሸነፍኩትም እኔ?"

"አዎ እናቴ።"

እኩል ደንግጠን ተያየን። ከዚያ እሷ ሳቋ አመለጣት፤ እኔ ግን ለመሳቅም አቅም አጣሁ።

"እባክዎ እሷን ይላኩ" ብዬ አቶ ይማምን ለመንኳቸው።

"ውጤቱ ተጽፏል ጋሽ ደምሌ። የተጻፈ ይፋቃል እንዴ?"

እናንተዬ፣ በኛ አገር ሚኒባስ የሚሳፈረው ያወቀ ሳይሆን ስሙ የተጻፈ ነው። ተሳፈርኩ። ደሴ ላይ ሰሌዳው ፊት ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ ግን አደራ፣ አትጠይቁኝ።