ድምፅ ላጡት ድምፅ

ታሪክ ዘግይቶም ቢሆን ይወቀው፤ የድሆች ጠበቃ ለመሆን የቆረጥኩት የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሳለሁ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ወዲያውም ነፃ የሕግ ድጋፍ ለሚሰጥ ቢሮ የልምምድ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። «ድምፅ ላጡት ድምፅ» የሚለው ርእስ ብቻውን ሁለት ቀን ፈጀ።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ በሬን አንኳኳች። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከምንኖርበት ቤት ደረጃ ሥር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ልብስ ትሰፋለች። መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደተሰካ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዛ ቆመች።

«ልጄ፣ አከራዩ ከሶኛል። በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለስኩ የምሰፋባትን ክፍል ልቀቂ ይሉኛል አሉ። እስቲ አንዲት መልስ ጻፍልኝ።»

«አክስቴ፣ ድምፅ ስለሌላቸው ሰዎች እየጻፍኩ ነው፤ እባክሽ ዝም በይ።»

«መቼ ልምጣ?»

«ሐሙስ።»

ሐሙስ መጣች። «ተደራሽነት»ን ከ«ሁለንተናዊ» ጋር እያጋባሁ ስለነበር ለሰኞ ቀጠርኳት። ሰኞም መጣች፤ ለረቡዕ ቀጠርኳት። በቀጠሮ አሰጣጥ ካሁኑ ዳኛ ሆኛለሁ። ወረቀቷንም አልጣልኩትም፤ ጠረጴዛው እንዳይበላሽ ከሻይ ብርጭቆዬ ሥር አነጠፍኩት።

ማመልከቻዬ ግን እውነተኛ ታሪክ ጎደለው። ስለዚህ አክስቴን ጻፍኳት፦ «አንዲት ምስኪን ሴት የፍርድ ቤት ወረቀት ይዛ ሦስት ጊዜ በሬን አንኳኳች። እኔ ግን ለፍትሕ ስል ብዕሬን አላስቀመጥኩም።» ሳነበው እንባዬ መጣ። አክስቴ ወረቀቱን ባመጣች በአሥራ አንደኛው ቀን ፈርሜ አስገባሁ።

ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ሱሪዬን ያሳጠረችልኝ አክስቴ ናት። ቢሮው ስደርስ ቀድማኝ ተቀምጣ አገኘኋት። ጉዳይዋን የያዘችላት የቢሮው ጠበቃ ማመልከቻዬን ዘርግታለች።

«ሦስት ጊዜ ያንኳኩት እሳቸው ናቸው?»

«ናቸው።»

«ወረቀቱስ?»

ለማመልከቻዬ አባሪ ይሆናል ብዬ ይዤው ነበር። አወጣሁት። የብርጭቆው ክብ መሃሉ ላይ ታትሟል።

«እሱ ምን ያድርግ፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አለች አክስቴ። እንዲህ አድርጎ የሰደበኝ የለም።

«ጊዜው ያለፈው በእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ ለዳኛው ማስረዳት ነበረብን» አለች ጠበቃዋ። «እንዲህ ያለ ግልጽ ማስረጃ አግኝተን አናውቅም። ያውም ፈርመህበታል።»

ለልምምድ አልተቀበሉኝም። ማመልከቻዬ ግን ማስረጃ ቁጥር አንድ ተብሎ ከአክስቴ መዝገብ ጋር ተያያዘ። ዳኛው አንብበው መልስ እንድትሰጥ ፈቀዱላት። በዚህም የመጀመሪያውን የድሃ ጉዳይ በብዕሬ አሸነፍኩ ማለት ነው።

መልሱን ጠበቃዋ እዚያው ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆማ ጻፈችው። አራት መስመር ነው።