ጋሽ ይፈታል እና የግራው ጎማ

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተሠራም። ከተሠራም የነዋሪዎቹ መኪና ሁሉ አዲስ ነው ማለት ነው። የዛገ ብሎን ሲያይ ፊቱ የሚበራ፣ መካኒክ ተስፋ ቆርጦ እጁን ሲጠርግ እሱ እጅጌውን የሚሰበስብ፣ «አልፈታ አለ» ሲባል እንደ ተሰደበ የሚቆጥር ሰው በየሰፈሩ አንድ አለ። ሁለት ከሆኑ ይጣላሉ።

የዚህኛው ሰፈር ሰው ጋሽ ይፈታል ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ አሁን የሚያስታውሰው የጡረታ ደብተራቸው ብቻ ነው። የተጣበቀ፣ የዛገ፣ የተቆረጠ ነገር ሁሉ ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆሙና ጥቂት ካዩት በኋላ «ይፈታል!» ይላሉ። ሌላ አይሉም። ሰፈሩም በዚያው ጠራቸው።

መካኒክ እንዳይመስሏችሁ፣ ሆነው አያውቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት ተቀምጠው ደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ቀኝ እጃቸው መምታት ለምዶ ነበርና ማኅተሙን በመዶሻ ተኩት።

ሥርዓታቸው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ብሎኑን በሽቦ ብሩሽ ያጸዱታል። ቀጥሎ ነጭ ጋዝና የፍሬን ዘይት በሳቸው ልክ የተደባለቀበትን የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ያወጡና በጠብታ ያጠጡታል። ከዚያ በትንሽ መዶሻ አናቱን ቀስ እያሉ ሠላሳ ጊዜ ይመቱታል፤ ሃያ ዘጠኝም አይሆንም፣ ሠላሳ አንድም አይሆንም። ከዚያ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ባለመኪናው ሰዓቱን እያየ መቁነጥነጥ ሲጀምር፣ «ብረቱ እኮ አልተጣበቀም። አንተ ነህ የቸኮልከው» ይሉታል።

ጎረቤታቸው ነርሷ የመኪናዋ እሳት ማስነሻ ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ ተቆርጦ ቢቀርባት፣ ለሦስት ቀን መኪናዋን ወሰዱባት። ጋራዥ ልውሰደው ብትል ፊታቸው ጠቆረ። በአራተኛው ቀን ስባሪው ወጣ፤ የነርሷ ጫማ ግን በሦስት ቀን የእግር መንገድ አልቆ ነበር። ልብስ ሰፊው ደግሞ የጭስ ማውጫው ብሎን እምቢ ቢለው በመሮ ሊቆርጠው ተነሣ። ጋሽ ይፈታል ይህን በአጥር ላይ አዩ። ሁለት ወር ሙሉ ሰላም አላሉትም። «ምን አደረግኩዎት?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «እኔንማ ምን ታደርገኛለህ? ብረቱን ነው እንጂ» አሉት።

ይህን ሁሉ ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው አብሯቸው የሚኖረው የልጃቸው ባል ነው። ጂኦግራፊ ስለሚያስተምር «መምህር» ይሉታል። ቃሉ አክብሮት ይሁን ሽሙጥ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አልለየለትም።

ልጅቷን ማግባት እንደሚፈልግ ሊናገር ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የመጣ ቀን፣ አባትየው መኪናቸው ሥር ተኝተው ነበር። የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። እሱም እጅ ነሥቶ ለእግራቸው ሰላምታ ሰጠ። ከሥር አንድ ጥቁር እጅ ወጣና ባትሪ አቀበለው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንበርክኮ አበራላቸው። «እኔ የማየው ላይ አብራ እንጂ! አንተ የምታየው ምን ያደርግልኛል?» እያሉ ይቆጡታል። ስለ ጋብቻው አንዲት ቃል አልተነሣችም። ሲጨርሱ ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ለሚስታቸው፣ «ይሄ ልጅ እጁ አይንቀጠቀጥም። ምሳ ስጪው» አሉ። ጉዳዩ በዚህ አለቀ።

ያቺ መኪና አንድ ጠባይ አላት። አሮጌ ስለሆነች በግራ በኩል የጎማ ብሎኖቿ ላይ የሚጠብቁት ዳዶዎች ጥርሳቸው ተገላቢጦሽ ነው። የዓለም ዳዶ ሁሉ ወደ ግራ ሲዞር ይላላል፤ የእሷ የግራ ጎማዎች ዳዶ ግን ወደ ግራ ሲዞር ይብስ ይጠብቃል፣ የሚላላው ወደ ቀኝ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚታገል ሰው ብሎኑን ይቆርጠዋል። ጋሽ ይፈታል ይህን ለመምህሩ፣ ለነርሷ፣ ለልብስ ሰፊው፣ መኪና ለሌለው ሰው ሳይቀር ነግረዋል። በልጃቸው ሠርግ ላይ አንድ ነገር ይበሉ ቢባሉ፣ ተነሥተው ስለ ግራ ጎማ ተናግረው ተቀመጡ። ሰው ምክር መስሎት አጨበጨበ።

ከዚያ ሚስታቸው ታመሙ። ሰባት ወር በዚያች መኪና ሆስፒታል አመላለሷቸው። በመጨረሻው ቀን ብቻቸውን ተመለሱ፤ መኪናዋን ግቢው ጥግ አቁመው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው ወረዱ። ሁለት ክረምት አለፈ። እሑድ እሑድ ሞተሯን አስነሥተው አሥር ደቂቃ ያህል ውስጧ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ያጠፏታል። ከቦታዋ ግን ፈቀቅ ብላ አታውቅም። ዝናቡ ሲወርድባት ኖሮ የኋላ ግራ ጎማዋ ፍሬን ከሚሸፍነው ክብ ብረት፣ ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ አንድ ሆኗል።

ዘንድሮ ያንን ሊያላቅቁ ጭቃ ላይ ሲተኙ የሳንባ ምች ያዛቸውና ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ። ሲነሡ ልጃቸው ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ይቺ መኪና ትገድልሃለች።»

«የቆመ መኪና ሰው ሲገድል የት አየሽ?»

«ቅዳሜ አሮጌ ብረት ገዢው ይመጣል። እስከዚያ በራሷ ጎማ ከተነቃነቀች ትቀመጥ። ካልተነቃነቀች ትሂድ። ከዚህ በላይ አልሰማህም።»

አባትየው በመስኮቱ ወደ መኪናዋ አዩ። «ይፈታል» አሉ ቆይተው፤ ድምፃቸው ግን የድሮው አልነበረም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ካፊያው ሳያባራ ወጡ። መምህሩ ጃንጥላ ይዞላቸው ቆመ። ብሩሹ፣ ጠብታው፣ ሠላሳው ምት፣ ሁሉም በየተራው ሆነ። ከዚያ መፍቻውን ዳዶው ላይ ገጠሙ፣ ጉልበት እንዲጨምርላቸው ረጅም ቱቦ አስረዘሙበትና ወደ ግራ ጫኑት።

መምህሩ አየ። አንዳንዴ ከማላላታቸው በፊት ትንሽ ጠበቅ የማድረግ ልማድ አላቸውና ያ መሰለው። ደግሞስ ጋሽ ይፈታልን ስለ ግራ ጎማ ማን ያርማቸዋል? ብሎኑ ቀጭ ብሎ ተቆረጠ። ሽማግሌው ስባሪውን አላዩትም፤ ወደ ሁለተኛው ዳዶ አለፉና አሁንም ወደ ግራ ጫኑ። እሱም ተቆረጠ።

«አባባ» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ፣ «የግራ ጎማ እኮ ነው።»

ጎማውን አዩት። ቀጥለው እጃቸውን አዩት፤ የሌላ ሰው እጅ የሚያዩ ይመስል ነበር።

«ዝገት ነው» አሉ።

ዝገት አልነበረም። ሁለቱም ያውቃሉ። መፍቻውን ጭቃው ላይ ጥለውት ወደ ቤት ገቡ። ዕቃ ሜዳ ላይ ጥለው ሲሄዱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። አንሥቶ የጠረገው መምህሩ ነው።

ረቡዕ አልወጡም። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ዝናቡን ሲያዩ ዋሉ። መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሻይ ይዞላቸው ቀረበ።

«አባባ፣ ሦስት ዳዶ እኮ ይቀራል። አንዴ ብንሞክረውስ?»

«ተወው መምህር» አሉ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሡ። «አልፈታ አለ።»

መምህሩ ሻዩን የት እንዳስቀመጠው አያውቅም። ይህ ቃል ከማንም አፍ ይወጣል፤ ከእሳቸው አፍ ግን ወጥቶ አያውቅም። ማድ ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ድስት እያጠበች ነበር፤ ዞር አላለችም።

«እንዳትረዳው» አለችው። «ይብቃው። ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት የማየው መኪና መሰለህ? እናቴን ነው፣ ፊት ወንበር ላይ ፎጣ ተከናንባ። እሱ ይወዳታል፣ እኔ ግን አልቻልኩም።»

የታጠበውን ድስት ተቀብሎ ደረደረ። እሷም ልክ ናት። አባቷም ልክ ናቸው። ተቆርቋሪ ሁሉ ልክ የሆነበት ቤት ደግሞ ለመኖር አስቸጋሪ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ አባቷን ለሳንባቸው ምርመራ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። መምህሩ ከረፋዱ በፊት ክፍለ ጊዜ አልነበረውም። የሽማግሌውን ቱታ ለበሰ፤ እጅጌው አጠረው። ጆንያ አነጠፈ፤ መፍቻውን ገጠመና ቱቦውን ወደ ቀኝ ጫነ። የመጀመሪያው ዳዶ አለቀሰ እንጂ አልላላም። ጠብታውን ጨመረ፣ መዶሻውን አነሣ። ሃያ ሁለት ላይ ቁጥሩ ጠፋበትና እንደገና ከአንድ ጀመረ። ሠላሳ ሳይሞላ ማቆም አስፈራው። ከዚያ፣ ማንም ሳያየው፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጠበቀ።

ሦስቱም ላሉ። በክሪክ አንሥቶ ጎማውን አወጣ። ታምቡሩ ግን የአንድ ሰዓት ልመና ጠየቀው። ዙሪያውን እየዞረ መታው፣ አጠጣው፣ ደግሞ መታው። ዝናቡ አንገቱ ውስጥ ይገባል። በአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል የእኚህን ሰው ነገር እያወራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲያስቅ ኖሯል። አሁን እርጥብ ጆንያ ላይ ተኝቶ፣ አባቱን ያህል እንደሚወዳቸው ገባው፤ ጊዜያቸው እያለቀ መሆኑም አብሮ ገባው። ታምቡሩ ሲላቀቅ ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉንም መልሶ ገጠመ፣ ዳዶዎቹን በእጁ ብቻ አጠበቀ፣ አዲስ የተነካ እንዳይመስል ጭቃ ቀባቸውና አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ተማሪዎቹ ፊት ደረሰ። ስለ ወንዞች አስተማረ፤ ጥፍሩ ጥቁር ነበር።

ዓርብ ለምኖ አወጣቸው። ሽማግሌው ያለ ፍላጎት ተጎነበሱ፣ መፍቻውን ገጠሙ፣ ቆም አሉ። እጃቸው ትንሽ ወደ ግራ አለና ተመለሰ፤ ወደ ቀኝ ጫኑት። ዳዶው ዞረ። ሁለተኛው ዞረ። ሦስተኛው ዞረ። ጎማው ወጣ፤ ታምቡሩም በመዶሻ አራት ጊዜ ሲመታ ተንሸራቶ እጃቸው ላይ ቀረ። አጽድተው ከነጎማው መልሰው ገጠሙት፣ ሞተሩን አስነሡ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። መኪናዋ እንደ ታመመ ሰው አቃስታ ሁለት ሜትር ሄደች።

ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። አባቷ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የጎኑን ባዶ ወንበር ሲያዩ አየቻቸው። ቅዳሜ ብረት ገዢው ሲመጣ ራሷ ወጥታ «ይቅርታ፣ አንሸጣትም» አለችው። ገብታ በሩን ዘጋችና እዚያው ተደግፋ ለብዙ ጊዜ ቆመች።

ሰፈሩ ወሬውን በአንድ ሰዓት ሰማ። ነርሷ መጣች፣ ልብስ ሰፊው መጣ፤ ጋሽ ይፈታል ታምቡሩ እንዴት እንደ ተለመነ ለሁሉም እንደ አዲስ ተረኩ። ሰው ሲሄድላቸው መምህሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም መኪናዋን ያያሉ።

«በየት በኩል ነው ያዞርከው?» አሉ ድንገት።

«ምኑን?»

«ልጄ፣ እኔ ጃጀሁ እንጂ አልታወርኩም። ሰው ያልነካው ዳዶ ዙሪያውን ጭቃ አይቀባም።»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። «ወደ ቀኝ፣ አባባ።»

«ጎሽ» አሉ። «ማክሰኞ ዕለት አቅጣጫው ጠፋብኝ። ቆሜ ፈለግሁት፣ የለም። አሁን አሁን ብዙ ነገር እንደዚያ ይሆንብኛል። ለልጄ አትንገራት።»

«አልነግራትም።»

ከኪሳቸው ጨርቅ አወጡና ንጹሕ የነበረውን እጃቸውን ቀስ አድርገው ጠረጉ።

«የተቆረጡት ሁለቱ ብሎኖች ሰኞ ይወጣሉ» አሉ። «አንተ ቀድመህ ግባበት። ግን ስታላላልኝ ይሄን ያህል አይደለም፤ ትንሽ አጥብቀህ ተውልኝ። ሰው ያያል።»