የአቶ ባልቻ በጎ ምላሽ

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ካየ ዕረፍት የሚያጣ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የቡታጅራው አቶ ባልቻ ናቸው። ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ብሎ የሾማቸው መንግሥት ባይኖርም፣ ንጉሡ አልፈው፣ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባም እሳቸው ከሥራቸው አልተነሱም። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ የቀበሌው ግምገማ ሰው ከሰው ሲያናክስ፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ብቅ ይላሉ። ከአንዱ ቤት ስድብ ይቀበላሉ፤ መንገድ ላይ ያለዝቡታል፤ ሌላው ቤት ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከዚያ ወገን በጎ ምላሽ አለ» ይላሉ።

ሚስታቸው እትዬ ትርንጎ ይህን ቃል ከጋብቻቸው ጀምሮ ሰምተውታል። «እሱ እኔን ለጋብቻ ሲጠይቅ አባቴ እሺ ይበሉ እምቢ ይበሉ እስከ ዛሬ አላወቅሁም» እያሉ ይቀልዳሉ።

የበርበሬ ወፍጮ ያለው ሙስተፋና ማዶ ያለው ልብስ ሰፊው ብርሃኑ የተጣሉ ጊዜ ለምሳሌ፣ ጠቡ የተነሳው የወፍጮው ብናኝ የብርሃኑ ነጭ ጨርቅ ላይ እያረፈ ስላስቸገረ ነው። ሙስተፋ፣ «መስኮቱን ይዝጋ፤ ካልፈለገ ከተማውን ይልቀቅ በለው» አለ። አቶ ባልቻ መንገዱን ተሻገሩና፣ «ከዚያ ወገን በጎ ምላሽ አለ። የሥራህ መበላሸት እንቅልፍ ነስቶታል። ከእንግዲህ አንተ ሳትከፍት ማለዳ ሊፈጭ ነው» አሉት። ብርሃኑ እንባ ባቀረረ ዓይኑ ሊያመሰግን ሄደ። ሙስተፋ ምን ይበል? «አልሐምዱሊላህ፣ ጎረቤት አይደለን እንዴ!» አለ፣ ፊቱ እንደ በርበሬው ቀልቶ። ይኸው እስከ ዛሬ ማለዳ ይፈጫል።

አቶ ባልቻ ሙያውን የተማሩት በስደት ነው። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳሉ ድንበር አቋርጠው ኬንያ ገቡ። ከሚሲዮን ቤት የለቃቀሟት እንግሊዝኛ ስለነበረቻቸው፣ በስደተኞቹ ሰፈር በአርበኞቹ ማኅበርና በእንግሊዝ ጦር ተወካዮች መካከል አስተርጓሚ ሆኑ። የማኅበሩ መሪ አንድ ግራዝማች ነበሩ፤ የእንግሊዞቹ ተወካይ ደግሞ አንድ ፊቱ የቀላ ሻምበል። ሁለቱ ጠላታቸው ጣሊያን መሆኑን እየረሱ እርስ በርስ ይናቆሩ ነበር። ሻምበሉ፣ «ሰዎቹ ከመኮንኖቼ ኋላ ይሰለፉ፤ አለዚያ እዚሁ ይቀመጡ» ሲል፣ ግራዝማች ጋ የሚደርሰው «አገሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁና ምከሩኝ» ሆኖ ነው። ግራዝማች፣ «በገዛ አገሬ የሱ ተሸካሚ አልሆንም በለው» ሲሉ፣ ሻምበሉ የሚሰማው «መንገድ ብንመራ ደስ ይለናል» የሚል ነው። በዚህ ሁኔታ ሁለቱ ተጨባበጡ፤ ሰዎቹም ታጥቀው ድንበር ተሻገሩ። አቶ ባልቻ ታሪኩን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆሙታል።

ያልሰመረላቸው አንድ እርቅ ብቻ ነበር፤ እሱም የገዛ ቤታቸው። እትዬ ትርንጎና ቡኢ የሚኖሩት ወንድማቸው አቶ ያረጋል፣ እናታቸው ከተቀበሩ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ያን ቀን መኪና ጠፍቶ እትዬ ትርንጎ ሲደርሱ መቃብሩ አፈር ለብሶ ነበር። እሳቸው «ሳይጠብቀኝ ቀበራት» ይላሉ፤ ወንድማቸው «ዘገየች» ይላሉ። እትዬ ትርንጎን የእናታቸውን ፊት ሳያዩ መቅረታቸው ዛሬም ያንገበግባቸዋል።

መስቀል በመጣ ቁጥር አቶ ባልቻ ቡኢ ደርሰው ይመለሱና፣ «ከዚያ ወገን በጎ ምላሽ አለ። እህቴ ናፍቃኛለች ብሏል» ይላሉ። እትዬ ትርንጎ ይስቃሉ። «ያረጋል እንኳን ለእኔ ለእናቱም ናፈቅሽኝ ብሎ አያውቅ። ይኼ ያንተ አፍ ነው» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አቶ ያረጋል በጠና ታመሙ ተባለ። አቶ ባልቻ ሄዱ፤ በማግስቱ ተመልሰው ደጃፉ ላይ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«ከዚያ ወገን…» ብለው ጀመሩ።

«በጎ ምላሽ አለ በላ» አሉ እትዬ ትርንጎ። ጎመን የሚከትፈው እጃቸው ግን ቆሞ ነበር።

«እንዲህ ነው ያለው። ‹ለዚያች ግትር ንገራት። ለእናታችን እንደዘገየች ለእኔም እንዳትዘገይ።›»

እትዬ ትርንጎ ቢላውን ወረወሩት። «ዘገየች? እኔ? እሱ አይደለም እንዴ ያልጠበቀኝ! እዚያ አልጋ ላይ ወድቆም…» የሰሙት መልእክት የባልቻ ቃል አልነበረም። ያ ሻካራ፣ ያ የማይመለስ የወንድማቸው ድምፅ ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሳይሰሙት የኖሩት። መናፈቃቸውን ያወቁት ያኔ ነው። ተቀምጠው አለቀሱ።

«ዛሬስ ምነው ሳታለዝበው ቀረህ?» አሉ በመጨረሻ።

«ግራዝማች ድንበሩን እንደተሻገርን ወባ ጣላቸው» አሉ አቶ ባልቻ። «ሊሞቱ ሲሉ፣ ‹ያን ቀይ በቅሎ ያልጨረስነው ጠብ አለ፣ ይምጣ በለው› አሉኝ። እኔ ለሻምበሉ፣ ‹ስለ ወዳጅነትዎ ያመሰግናሉ፣ ይሰናበቱዎታል› አልኩት። ሻምበሉ ካርታውን አጠፈና፣ ‹ዓመቱን ሙሉ ያመጣህልኝ ማር ያንተ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለሚበጀን ዝም አልኩ። ዛሬ ግን የሱን ቃል ስጠኝ› አለኝ። ሰጠሁት። እየሳቀ ወደ ግራዝማች ሮጠ። ግራዝማች እስኪያርፉ ድረስ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ሲጨቃጨቁ እኔ ውጭ ተቀምጬ ነበር።»

«ይህን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ለሙያዬ ጥሩ አይደለም» አሉ አቶ ባልቻ፣ መሬት መሬት እያዩ።

እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን አነሱ።

ቡኢ ሲደርሱ አቶ ባልቻ ውጭ ድንጋይ ላይ ቀሩ። አቶ ያረጋል ከስተው፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ነበር።

«ዘገየሽ» አሉ።

«አልጠበቅኸኝም!» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ይኸው አሁን ጠበቅሁሽ» አሉ አቶ ያረጋል።

እትዬ ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ያዙ። ብዙ ተነጋገሩ፤ ስለ እናታቸውም ገና ተጨቃጨቁ። ወደ ማምሻው አቶ ያረጋል ቀና ብለው፣ «ያ ውሸታም ባልሽስ የት ተሸጉጧል? ‹ናፈቀችኝ አለ› እያለ ስሜን ሲያጠፋ የኖረው! ይግባና ፊቴ ይቁም በይው» አሉ።

እትዬ ትርንጎ ወጡ። አቶ ባልቻ ከድንጋዩ ብድግ ብለው፣ ባርኔጣቸውን እያሻሹ፣ «ምን አለ?» አሉ በፍርሃት።

እትዬ ትርንጎ ያን ሽበታም ራስ፣ ያን ሲለማመጥ ያረጀ ፊት አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከዚያ ወገን በጎ ምላሽ አለ» አሉ። «ክቡር አምባሳደሩ ይግቡ ብሏል።»